ከፓስፖርቱ በፊት ቀበሌ፦ ከደሴ ወደ ትዳር አጋር አገር ለመሄድ የወረቀት አያያዝ

ቪዛዬ ፓስፖርቴ ላይ ተለጥፎ ከመጣ ሁለት ሳምንት ሆነው። ሻንጣ እያዘጋጀሁ ሳለ አንዲት የጎረቤት ልጅ ፓስፖርቷን በፌስታል ጠቅልላ መጣች። የእሷም ባል እንደ እኔው ባለቤት ጀርመን ነው። «እትዬ፣ ፓስፖርቴ ሊያልቅ ስምንት ወር ቀርቶታል። እሱን አሳድሼ ቪዛ ልጠይቅ አይደል?» አለችኝ።

አይደለም አልኳት። መጀመሪያ ቀበሌ ነው የምትሄጂው።

ግራ ገባት። እኔም ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ግራ ገብቶኝ ነበር። ሁላችንም ፓስፖርቱን የነገሩ መጀመሪያ እናደርገዋለን። ኤምባሲ የሚያየው ግን ፓስፖርቱን ብቻ አይደለም። የልደት ወረቀቱን፣ የጋብቻ ወረቀቱን፣ መታወቂያውን ጎን ለጎን ዘርግቶ ነው የሚያየው። አንዱ ወረቀት ከሌላው ካልተስማማ ትዳራችሁ የቱንም ያህል የምር ይሁን ፋይላችሁ ይቆማል። ስለዚህ ያለፍኩበትን በቅደም ተከተል ልጻፈው። ደሴ ላለውም ኮምቦልቻ ላለውም ይሆናል።

አንደኛ፦ ወረቀቶቹን አልጋ ላይ ዘርጉ

ገና የትም ሳትሄዱ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጡ። የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ካለ፣ የ8ኛ እና የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ አሮጌ ፓስፖርት፣ የኒካህ ወይም የቤተክርስቲያን የጋብቻ ወረቀት፣ ልጅ ካላችሁ የልጁን ልደት። የባለቤታችሁን ወረቀቶች ደግሞ ፎቶ አስነስታችሁ አስልኩ።

ከዚያ ደብተር ያዙና ከእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አምስት ነገር ገልብጡ፦ ስም እስከ አያት በአማርኛ፣ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ የትውልድ ቀን፣ የትውልድ ቦታ፣ የእናት ስም። የእንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል ገልብጡ። «ያው ነው» ብላችሁ አትለፉ። ያው አይደለም።

የእኛ የወሎ ስም እዚህ ላይ ነው ጉድ የሚያፈላው። ሰይድ የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ «ኤስ፣ ኢ፣ አይ፣ ዲ» ብሎ ይጽፈዋል። ሌላው መሃል ላይ «ዋይ» ይጨምርበታል። ሦስተኛው «ኢ»ዋን በ«ኤ» ይቀይራታል። ሙሐመድማ አይነሳ። በአማርኛውም ቢሆን ቀበሌ «እንድሪስ» የተባለው አያት ኒካህ ወረቀቱ ላይ «ኢድሪስ» ሆኖ ይገኛል። ቤት ውስጥ ፋጤ ስትባል ያደገች ፋጡማ፣ ትምህርት ቤት ፋጤ ተብላ ተመዝግባ ሊሆን ይችላል። ለእኛ አንድ ሰው ናቸው። ለኤምባሲው ኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው ናቸው።

የትውልድ ቦታም እንዲሁ ነው። የኮምቦልቻ ልጅ አንዱ ወረቀቱ ላይ «ኮምቦልቻ»፣ ሌላው ላይ «ቃሉ»፣ ሌላው ላይ «ደቡብ ወሎ»፣ አሮጌው ላይ ደግሞ ዝም ብሎ «ወሎ» ይላል። ይሄ ከስም ስህተት የቀለለ ነው። ቢሆንም ከአሁን በኋላ በምታወጡት ወረቀት ሁሉ አንዱን መርጣችሁ በእሱ ጽኑ።

የትኛውን አጻጻፍ እንምረጥ? ከዚህ በፊት ፓስፖርት አውጥታችሁ በትክክለኛ ስምና ቀን ከተጻፈ እሱን መሠረት አድርጉ፤ ሌላው ወደ እሱ ይስተካከል። የባህር ማዶ መዝገብ ውስጥ የገባው እሱ ነውና። ፓስፖርት አውጥታችሁ የማታውቁ ከሆነ ገና ነፃ ናችሁ፤ ቁጭ ብላችሁ ወስኑና ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ከዚያ በየመስኮቱ ያንኑ ወረቀት አሳዩ። በቃል አትናገሩ። በቃል የተነገረ ስም እንደ ጸሐፊው ጆሮ ነው የሚጻፈው።

የቀን መቁጠሪያው ነገር

እኔ አምስት ሳምንት ያጣሁት እዚህ ላይ ነው። የተወለድኩት ጥር 15 ቀን 1988 ዓ.ም. ነው። ፓስፖርቴ ላይ ጃንዋሪ 24 ቀን 1996 ይላል። የልደት ወረቀቴን የተረጎመልኝ ቤት ግን ጃንዋሪ 23 ብሎ ጻፈው። እኔም ቀኑን አላየሁትም፤ ዓመቱን ብቻ አይቼ ከፍዬ ወጣሁ። ማመልከቻው ከተላከ በኋላ «የትውልድ ቀኑ ይለያያል» ተብሎ ተመለሰልኝ።

ስህተቱ ከየት መጣ? በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች። ቀጥሎ የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ በፈረንጅ መስከረም 12 ይባታል፤ እንደ ሌላው ዓመት መስከረም 11 አይደለም። ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋል። ዘመነ ዮሐንስን ለማወቅ ዓመተ ምህረቱን ለ4 አካፍሉ። ቀሪ ከሌለው እሱ ነው፤ 1984፣ 1988፣ 1992፣ 1996 እያለ ይሄዳል። በእነዚህ ዓመታት ከየካቲት 22 በፊት የተወለዳችሁ ተጠንቀቁ።

ዓመቱን ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ታህሳስ 22 ድረስ 7 ዓመት ይጨመራል። ከታህሳስ 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 8 ዓመት። በዘመነ ዮሐንስ ድንበሩ በአንድ ቀን ቀድሞ ታህሳስ 22 ላይ ይሻገራል። ትርጉም ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ራሳችሁ ቤት አስሉት።

የድሮ ፓስፖርትና የአረብ አገር ጉዳይ

ይሄን ብዙ ሰው አፍ አውጥቶ አይጠይቅም። እኔ ግን ልናገረው፤ ወሎ ውስጥ ሳዑዲ ወይም ቤይሩት ወይም ኩዌት ደርሶ ያልመጣ ሰው የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። አንዳንዷ ልጅ ስትሄድ ደላላው ዕድሜዋን ከፍ አድርጎ ነው ያስወጣላት። ስሟም የተቀየረባት አለች። አሁን አግብታ በትክክለኛ ስሟ ልትሄድ ስትል ያ ፓስፖርት ይከተላታል።

አሮጌውን ፓስፖርት አትጣሉት፣ አትደብቁት። አሻራ ሰጥታችኋል። የቪዛ ፎርም ላይ «ከዚህ በፊት የተጠቀሙበት ሌላ ስም አለ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ እውነቱን ሙሉ። ትክክለኛውን ቀንና ስም በልደት ምስክር ወረቀት፣ በትምህርት ማስረጃ፣ አስፈላጊ ከሆነ በፍርድ ቤት ውሳኔ አስደግፉና ምን እንደተፈጠረ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። የተብራራ ስህተት የመታለፍ ዕድል አለው። ተደብቆ የተገኘ ግን ውሸት ተብሎ ይመዘገባል፤ ትዳሩንም አብሮ ያስጠረጥራል። አብሽሩ፣ በዚህ መንገድ ያለፋችሁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም።

ሁለተኛ፦ ቀበሌ

አሁን ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው። በአገር ደረጃ ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። አብዛኞቻችን ከዚያ በፊት ስለተወለድን የልደት ወረቀት የምናወጣው አድገን ነው። መታወቂያ፣ ፎቶ፣ አንዳንዴም የሚመሰክር ሰው ይጠየቃል። እናት ወይም አባት በሕይወት ካሉ አብረዋችሁ ቢሄዱ ነገሩ ይቀላል። መዝጋቢው ጽፎ ሲጨርስ፣ ማህተም ከማረፉ በፊት፣ «እስቲ አንድ ጊዜ ልየው» በሉ። ማፈር የለም። ማህተም ካረፈ በኋላ ማረም ሌላ ጉዳይ ነው።

ጋብቻው ላይ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ጋብቻን በሦስት መንገድ ይቀበላል፤ በክብር መዝገብ፣ በሃይማኖትና በባህል። ኒካህ አስራችሁም ሆነ ተክሊል አድርጋችሁ ወይም በሽማግሌ ተጋብታችሁ፣ ትዳራችሁ ትዳር ነው። ኤምባሲ የሚፈልገው ግን የመንግሥት መዝገብ ላይ የሰፈረውን ነው። ጋብቻ በተፈጸመ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ሕጉ ያዛል። ያሳለፋችሁት ዘግይቶ የተመዘገበ ተብሎ ይሠራላችኋል። የኒካህ ወረቀቱን ወይም የቤተክርስቲያኑን ማስረጃ፣ ምስክሮችንና የሁለታችሁንም መታወቂያ ይዛችሁ ቅረቡ።

ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የጋብቻ ቀን የተጋባችሁበት ቀን እንጂ የተመዘገባችሁበት ቀን አለመሆኑን ተመልከቱ። ሁለቱ ቀኖች ለየብቻ ነው የሚሰፍሩት። ቃለ መጠይቅ ላይ «መቼ ተጋባችሁ?» ተብለው ባልየው አንዱን ቀን፣ ሚስትየዋ ሌላውን የሚናገሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ባለቤታችሁ የውጭ አገር ዜጋ ሆኖ እዚህ መጥቶ ሊያገባችሁ ከሆነ፣ ለማግባት የሚከለክለው ነገር እንደሌለ የሚያሳይ ማስረጃ ከአገሩ ወይም ከኤምባሲው ይዞ መምጣት አለበት። ይህን ሳይይዝ ድግስ ከተጠራ በኋላ የሚመጣ አለ። ሠርጉ ይሠረጋል፤ ወረቀቱ ግን ሌላ የአውሮፕላን ቲኬት ይጠይቃል።

ከዚህ በፊት ትዳር የነበራችሁ ደግሞ የፍቺ ወረቀት ያስፈልጋችኋል። ሽማግሌ ለያይቶን ነበር የሚለው አይበቃም፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው የሚጠየቀው። በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተወሰነ ከሆነ የውሳኔውን ግልባጭ አውጡ። የቀድሞ ባል ወይም ሚስት በሞት የተለየ ከሆነ የሞት ምስክር ወረቀት።

ሦስተኛ፦ ፋይዳና ፓስፖርት

ፋይዳ ያላወጣችሁ ፓስፖርት ከማመልከታችሁ በፊት አውጡ። ያወጣችሁም ብትሆኑ ስማችሁና ልደታችሁ ከልደት ወረቀቱ ጋር መስማማቱን እዩ። ፋይዳ ስንመዘገብ ወረፋው ረጅም ስለነበር ብዙዎቻችን የተጻፈውን ሳናይ ነው የወጣነው።

ቀጥሎ ፓስፖርት። የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ማመልከቻ የሚሞላው በኢንተርኔት ነው። ደሴ ቅርንጫፍ አለ፤ ኮምቦልቻ ያላችሁም ሐረጎን ወጥታችሁ እዚሁ ትጨርሳላችሁ። አዲስ አበባ መሄድ ግዴታ አይደለም። ፎርሙ ላይ ቅርንጫፍ ምረጡ ሲላችሁ ደሴን ምረጡ።

ፎርሙን ራሳችሁ ብትሞሉ ይሻላል። ስልክ ላይ ካስቸገራችሁ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ገብታችሁ አስሞሉ፤ ግን አጠገቡ ተቀመጡና ፊደሉን ከደብተራችሁ እያያችሁ አስጽፉ። የምትሰጡት ስልክና ኢሜል የራሳችሁ ይሁን። የኮፒ ቤቱን ልጅ ኢሜል ሰጥታ፣ ልጁ ሥራ ሲለቅ ማመልከቻዋን መከታተል ያቃታትን ሴት አውቃለሁ።

እድሳት ከሆነ የአሮጌውን ፓስፖርት የፎቶ ገጽና መታወቂያ ስካን አድርጋችሁ ትጭናላችሁ። ጥላ ያረፈበት የስልክ ፎቶ ይመለሳል፤ በስካነር አስነሱት። የጠፋባችሁ የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋችኋል። ስም ወይም ልደት የምታርሙ «እርማት» የሚለውን ነው የምትመርጡት እንጂ «እድሳት»ን አይደለም። እድሳት ብላችሁ ሞልታችሁ መስኮት ላይ «እግረ መንገዱን ልደቴም ይስተካከልልኝ» ብትሉ አይሆንም።

ክፍያው በየጊዜው ስለሚከለስ ከመክፈላችሁ በፊት ድረ ገጹ ላይ ያለውን እዩ። በአስቸኳይ የሚሠራበት መንገድም አለ፤ ዋጋው ግን በጣም ይለያል። ከፍላችሁ የቀጠሮውን ወረቀት አትሙና በቀኑ ዋናዎቹን ሰነዶች ይዛችሁ ሂዱ። ፎቶና አሻራ እዚያው ይወሰዳል። አዲስ ሙሽሮች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ እንሶስላ ወይም ሂና ጣት ጫፍ ላይ ካለ የአሻራ ማሽኑ ሊያስቸግራችሁ ስለሚችል ጫፉን ተዉት።

ደላላ በር ላይ ይጠብቃችኋል። «እኔ ውስጥ ሰው አለኝ» ይላል። እኔ የማውቀው ይህን ነው፦ ገንዘቡን ከፍለውም ቢሆን አሻራ የሰጡት ራሳቸው ሄደው ነው፤ ፓስፖርቱንም የተቀበሉት ራሳቸው ተሰልፈው ነው። የከፈሉት ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

መቼ ነው የሚታደሰው? ስምንት ወር የቀራት ልጅ የቀበሌውን እንደጨረሰች ወዲያው ታድስ። ጀርመን የምትቀበለው ፓስፖርት ከወጣ ከ10 ዓመት ያልበለጠና ቢያንስ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። የቪዛው ሂደት ወራት ስለሚወስድ መሃል ላይ ፓስፖርት ቢያልቅባችሁ አዲስ ቁጥር ይመጣል፤ ማመልከቻው ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ አሮጌው ነው። ከዓመት በላይ የቀረው ፓስፖርት ይዛችሁ ጀምሩ።

አራተኛ፦ ማህተምና ትርጉም

ማህተም በማህተም ላይ ለምን እንደሚደረብ ማንም አላስረዳኝም ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ጀርመን ያለ ቢሮ የደሴን ቀበሌ ማህተም አያውቅም። ስለዚህ የቀበሌውን ፊርማ የበላዩ ያረጋግጣል፤ የእሱን ደግሞ ሌላው፤ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ያለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። እያንዳንዱ የሚያረጋግጠው ከእሱ በፊት ያለውን ፊርማ ብቻ ነው። መሃል ላይ አንዱን ደረጃ ዘላችሁ ከሄዳችሁ «ይህን ፊርማ አናውቀውም» ተብላችሁ 400 ኪሎ ሜትር ትመለሳላችሁ። ከደሴ ከመነሳታችሁ በፊት ቀበሌውን «ከእናንተ ቀጥሎ የት ነው የምሄደው?» ብላችሁ ጠይቁና እዚህ የሚያልቀውን እዚሁ ጨርሱ።

ኤምባሲው ለማጣራት ሰው ወደ ቀበሌው ሊልክ እንደሚችልም እወቁ። መዝገቡ ውስጥ የሌለ ወረቀት ከያዛችሁ ስንት ማህተም ቢደረደርበት አያድናችሁም።

ትርጉሙን ኤምባሲው በሚቀበለው ተርጓሚ አሠሩ። ለጀርመን ወደ ጀርመንኛ ነው። ለተርጓሚው የፓስፖርታችሁን ኮፒ አብራችሁ ስጡት፤ ስሙንም ቀኑንም እዚያ እያየ እንዲጽፍ። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ አምስት ሳምንቴ ይተርፈኝ ነበር።

አምስተኛ፦ ቋንቋ

ይህን ከወረቀቱ ጎን ለጎን ጀምሩት። ወደ ጀርመን በትዳር የሚሄድ ሰው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ኤ1 የሚባለውን የመጀመሪያ ደረጃ ጀርመንኛ ማለፍ አለበት። ሁለታችሁም 18 ዓመት የሞላችሁ መሆን አለባችሁ። ባለቤቱ ሰማያዊ ካርድ የሚባለው የባለሙያ ፈቃድ ያለው፣ ወይም ጀርመን የሚኖር የሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜጋ የሆነ፣ ከፈተናው ነፃ ነው። ጥገኝነት ያገኘ ሰው የትዳር ጓደኛም፣ ጋብቻው ከስደቱ በፊት የነበረ ከሆነ፣ አይፈተንም።

ፈተናው አዲስ አበባ በጎተ ኢንስቲትዩት ይሰጣል። አራት ክፍል አለው፤ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር። ከ100 ማለፊያው 60 ነው። ብትወድቁ ደግማችሁ መፈተን ትችላላችሁ። እኔ ደሴ ሆኜ በስልክ ቪዲዮ ነው ያጠናሁት። ማዳመጡ ይከብዳል፤ ፍጥነታቸው ሌላ ነው። ባለቤቴን በሳምንት ሁለት ቀን በጀርመንኛ ብቻ አናግረኝ ብዬው ነበር። ሁለት ደቂቃ አውርተን ዝም እንባባላለን። ይሁን፣ እሱም ጠቀመኝ።

ስድስተኛ፦ ማመልከቻው

ጀርመን ከጥር 2017 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የረጅም ጊዜ ቪዛ ማመልከቻን በኢንተርኔት መቀበል ጀምራለች። ፎርሙ ተሞልቶ፣ ሰነዱ ተጭኖ፣ ከዚያ ነው ለቀጠሮ የምትጠሩት። ኤምባሲው አዲስ አበባ ቀበና ነው። በቀጠሮው ቀን ዋናውንና ኮፒውን ይዛችሁ ትቀርባላችሁ፤ አሻራም ትሰጣላችሁ። ክፍያው ለአዋቂ 75 ዩሮ፣ ከ18 ዓመት በታች 37.50 ዩሮ ነው፤ በብር ነው የሚከፈለው።

የፎቶው መጠን 3.5 በ4.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ፎቶ ቤት ዝም ብላችሁ ከገባችሁ የለመዱትን 3 በ4 ነው የሚያነሷችሁ። መጠኑን ተናገሩ። ከስድስት ወር በላይ የቆየ ፎቶ አይሁን። ሒጃብ ይፈቀዳል፤ ከግንባር እስከ አገጭ ፊት መታየት አለበት።

ማመልከቻው ከኤምባሲው ባለቤታችሁ ወደሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ይላካል። ጊዜ የሚበላው ይሄ ነው። ቢሮው ባልየውን ጠርቶ የመኖሪያ ምዝገባውን፣ የቤት ኪራይ ውሉን፣ የደመወዝ ወረቀቱን ይጠይቀዋል። ጀርመናዊ ዜጋ ከሆነ በገቢ ረገድ ይቀልለታል፤ በመኖሪያ ፈቃድ የሚኖር ከሆነ ግን በቂ ገቢና በቂ ስፋት ያለው ቤት ማሳየት አለበት። እናንተ እዚህ «ኤምባሲው ረሳኝ» ብላችሁ ስትጨነቁ ደብዳቤው እሱ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። «ፖስታህን ክፈት» በሉት። እኔ ብዬዋለሁ፤ ተገኝቷልም።

ስለ ቃለ መጠይቁ። ሁለታችሁን ለየብቻ፣ አንዳንዴም በአንድ ቀን እሱን እዚያ እናንተን እዚህ ሊጠይቁ ይችላሉ። እንዴት ተዋወቃችሁ፣ ሽማግሌ ማን ሄደ፣ ሠርጉ ላይ ከእሱ ቤተሰብ ማን መጣ፣ እሱ ምን ሰዓት ሥራ ይገባል። መልስ አትሸምድዱ። የተሸመደደ መልስ ያስታውቃል። ይልቅ የሽማግሌውን ቀን፣ የኒካሁን፣ የመልሱን ፎቶ ከነቀኑ፣ የተላከላችሁን ገንዘብ ደረሰኝ፣ እሱ ሲመጣ የተመታበትን የፓስፖርት ማህተም ሰብስቡ። የማታውቁትን «አላውቅም» በሉ። እኔ የባለቤቴን የአለቃ ስም ተጠይቄ አላውቅም አልኩ፤ ምንም አልሆንኩም።

አንድ የእኛ አገር ጉዳይ ደግሞ አለ። በእኛ ባህል ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም። እዚያ ያለው ጸሐፊ ግን «የቤተሰብ ስማችሁ ለምን ተለያየ?» ሊል ይችላል። የአባትና የአያት ስም እንደምንጠቀም በአንድ መስመር አስረዱ እንጂ እሱን ለማስደሰት ፎርም ላይ የባላችሁን ስም እንዳትጽፉ። ፓስፖርታችሁ ላይ የሌለ ስም ነው።

ባለቤታችሁ አሜሪካ ከሆነ

መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው። የሚጀምረው እዚያ ያለው ሰው ነው፤ አይ-130 የሚባለውን ፎርም እሱ ያስገባል። ከጸደቀ በኋላ ፋይሉ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ይሄዳል። 325 ዶላር ለቪዛ ማመልከቻው፣ 120 ዶላር ለድጋፍ ሰነዱ ተከፍሎ እናንተ ዲኤስ-260 የሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ ትሞላላችሁ፤ እሱ ገቢውን የሚያሳይበትን አይ-864 ያስገባል። ገቢው ከአሜሪካ የድህነት ወለል 125 በመቶ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ሌላ ሰው አብሮት ይፈርማል። ፎቶው 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መነጽር አይፈቀድም።

አረብ አገር የነበራችሁ እዚህ ጋ ቁም በሉ። ከ16 ዓመት በኋላ 12 ወርና ከዚያ በላይ ከኖራችሁበት አገር ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ይጠየቃል። እዚህ ካለው የፖሊስ ማስረጃ ጋር ያንንም በጊዜ ጀምሩት። የጤና ምርመራው ኤምባሲው በመደባቸው ሐኪሞች ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሌላ ቦታ ተመርምራችሁ ገንዘብ አትጨርሱ።

ስትገቡ ትዳራችሁ ሁለት ዓመት ያልሞላው ከሆነ የሚሰጣችሁ ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው አይ-751 በሚባል ፎርም ቋሚ እንዲሆን ታመለክታላችሁ። አሜሪካ በኢሚግራንት ቪዛ ላይ ማቆምና መገደብ ስታውጅ ስለቆየች፣ ለየትኛውም ደረጃ ከመክፈላችሁ በፊት የኤምባሲዋን ገጽ የዚያኑ ቀን ተመልከቱ።

ለቀጠሮ ሲኬድ፣ ቪዛው ሲመጣ

በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍሬ በማግሥቱ ጠዋት ቀጠሮ እደርሳለሁ አትበሉ። ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድማችሁ አዲስ አበባ እደሩ፤ መንገድ ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም። አቅም ካለ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን አለ። ክረምት ከሆነ ወረቀቱን በፕላስቲክ ማኅደር ያዙ። የደሴን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ማህተም ሲርስ ይፈሳል።

ቪዛው ተለጥፎ ሲሰጣችሁ መስኮቱን ሳትለቁ አንብቡት። ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን። ጀርመን ስትደርሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻ ማስመዝገብ አለ፤ «አንሜልዱንግ» ይሉታል። ቪዛው ከማለቁ በፊት ደግሞ ከውጭ ዜጎች ቢሮ የመኖሪያ ፈቃድ ይወጣል። ባለቤቴ የሁለቱንም ቀጠሮ ከአሁኑ እየፈለገ ነው።

ዋናዎቹን ሰነዶች በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ። እኔ የሁሉንም ኮፒ አንድ ማኅደር ለእናቴ ትቼላታለሁ። ውክልናም ለወንድሜ ሰጥቻለሁ፤ አንድ ወረቀት ከቀበሌ ቢያስፈልገኝ እሱ እንዲያወጣልኝ።

የጎረቤቴ ልጅ ማክሰኞ ዕለት ደብተሯን ይዛ ቀበሌ ሄዳ ነበር። የእናቷ ስም አንዱ ወረቀት ላይ ዘይነባ፣ ሌላው ላይ ዘነቡ ሆኖ ተገኘ። ሐሙስ እናቷን ይዛ ትመለሳለች።